የራጅ ሥዕልና አንባቢው

በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ

ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ሳሪስን፣ ጎፋን፣ መካኒሳን፣ ለቡንና ጀሞን ይዞ የሚገኘው ክፍለ ከተማ ነፋስ ስልክ ላፍቶ ተብሎ ይጠራል። ከእነዚህ ሰፈሮች በአንዱ የሚኖር ወይም በዚያ በኩል አልፎ ወደ ሥራው የሚሄድ የመንግሥት ሠራተኛ ብዙ ነው። ነገር ግን ስሙን በየቀኑ በደብዳቤ አናት ላይ እየጻፍነው ትርጓሜውን የምናስታውስ ጥቂቶች ነን። ነፋስ ስልክ ማለት ያለ ሽቦ በአየር ላይ ለሚሄደው መልእክት የወጣለት ስም ነው። የአገራችን የሬዲዮ ስርጭት በ1928 ዓ.ም. ሲጀመር መነሻው ይኸው ሰፈር እንደ ነበረ በመገናኛ ታሪካችን ተመዝግቧል። በዚያ ዘመን የነበሩ ሰዎች ማዕበሉን በዐይናቸው ባያዩትም ሥራውን ስላዩ፣ አይታይም ነገር ግን ያደርሳል ሲሉ በነፋስ መሰሉት።

ዛሬ በእነዚሁ ሰፈሮች አውራ መንገድ ላይ ሲያልፉ «ራጅ፣ አልትራሳውንድ፣ ሲቲ ስካን» የሚል ሰሌዳ ያነባሉ። ይህም የሌላ የማይታይ ማዕበል ስም ነው። የሬዲዮው ማዕበል ድምፅን ከሩቅ አገር ሲያመጣ፣ የራጁ ማዕበል ደግሞ ከሰው ገላ ውስጥ ሥዕልን ያወጣል። በቅርብ ዓመታትም ይህን ሥዕል የሚያነብ አዲስ ረዳት መጥቷል፤ እርሱም ሰው ሠራሽ አስተውሎት የተባለው ነው። የዛሬው ንግግራችን የዚህ ጥበብ ታሪክ ከየት ተነሥቶ የት እንደ ደረሰ፣ ለእኛም ምን እንደሚጠይቀን የሚያስረዳ ይሆናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

የራጅ ታሪክ የሚጀምረው በ1888 ዓ.ም. ነው። ይህን ዓመት ኢትዮጵያዊ ሁሉ በዓድዋ ድል ያውቀዋል። በዚሁ ዓመት ጥቅምት 29 ቀን በጀርመን አገር በቩርትስቡርግ ከተማ የፊዚክስ መምህር የነበረው ቪልሄልም ኮንራድ ሮንትገን፣ አየሩ በተመጠጠ የመስታወት ቱቦ ውስጥ የኤሌክትሪክ ኀይል እያሳለፈ በጨለማ ክፍል ይመራመር ነበር። ቱቦው በጥቁር ወረቀት ተሸፍኖ ሳለ በአጠገቡ የነበረ ልዩ ቅብ ያለው ሰሌዳ ሲያበራ አየ። ወረቀቱን አልፎ የሚሄድ የማይታይ ጨረር እንዳለ ተረዳ፤ ምንነቱም ገና ስላልታወቀ «ኤክስ ጨረር» ብሎ ሰየመው። ኅዳር 28 ቀን የኢትዮጵያ ሠራዊት በአምባላጌ ድል አደረገ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ታኅሣሥ 13 ቀን ሮንትገን የባለቤቱን እጅ በጨረሩ ፊት አስቀምጦ አጥንቷንና የጣት ቀለበቷን የሚያሳይ ሥዕል አነሣ። የካቲት 23 ቀን የዓድዋ ጦርነት በተደረገበት ጊዜ የዚህ ግኝት ወሬ በአውሮፓና በአሜሪካ ተዳርሶ ሐኪሞች በሥራ ላይ ያውሉት ጀምረው ነበር።

እዚህ ላይ የሁለቱ ታሪኮች መንገድ ይገናኛል። ከኢትዮጵያ ዘመቻ ቈስለው በመርከብ ወደ አገራቸው ከተመለሱት የኢጣልያ ወታደሮች መካከል ጥይት በገላቸው ውስጥ የቀረባቸው ነበሩ። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ገደማ በናፖሊ የጦር ሆስፒታል ሌተና ኮሎኔል ጁዜፔ አልቫሮ የተባለ ሐኪም በክንዳቸው የተቀበረውን ጥይት ለመፈለግ ወታደሮችን በራጅ አነሣ። ራጅ ለጦር ቁስለኛ አገልግሎት መዋሉ በታሪክ ሲነገር በመጀመሪያ የሚጠቀሰው ይህ የናፖሊ ሥራ ነው። ራጅ የሚለው ቃላችንም ቢሆን ጨረሮች የሚል ትርጉም ካለው ከኢጣልያንኛው «ራጂ» የመጣ ነው።

በእኛ ወገን የቈሰለው ዘማች ግን ይህን ዕድል አላገኘም። ወጌሻው የተሰበረውን አጥንት በጣቱ እየዳሰሰ ያቃናል፤ ጥይት የቀረበትንም ባገር ጥበብ ይረዳል። የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች አዲስ አበባ ደርሰው ቁስለኞችን ማከም የጀመሩት በዓመቱ መጨረሻ በክረምት ነበር። የወጌሻው ጣት ከልምድ የተገኘ ትልቅ ዕውቀት እንዳለው የሚካድ አይደለም። ቢሆንም እውነቱን እንናገር፤ በዚህ ጥበብ ታሪክ ውስጥ ገና ከመጀመሪያው ዓመት አለን፤ ያለነው ግን በጥይቱ በኩል እንጂ በታካሚው በኩል አይደለም። ይህን ነገር እባክዎ በልብዎ ይያዙት፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ሮንትገን በግኝቱ የብቻ ባለመብት ለመሆን አልፈለገም፤ ሁሉም እንዲጠቀምበት ተወው። በ1894 ዓ.ም. የመጀመሪያው የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ሲሰጠውም ገንዘቡን ለዩኒቨርሲቲው አበረከተ። ስለዚህ ራጅ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በዓለም ላይ ተስፋፋ። ዳሩ ግን ጨረሩ ምን እንደሚጎዳ ሳይመረመር ሥራው ስለ ቀደመ፣ በመሣሪያው ፊት ሲውሉ የነበሩ ሐኪሞችና ሠራተኞች እጃቸው ተቃጠለ፣ በነቀርሳም ሞቱ። በ1928 ዓ.ም. በጀርመን አገር በሃምቡርግ ከተማ ለእነዚህ ሰዎች የመታሰቢያ ሐውልት ሲቆም ከ15 አገሮች የተሰበሰበ የ169 ሰዎች ስም ተቀርጾበት ነበር። ዛሬ የራጅ ባለሙያው ከግድግዳ ኋላ የሚቆመው፣ ከእርሳስ የተሠራ ሽርጥ የሚለብሰውም በእነዚያ ሰዎች ሕይወት በተገዛ ትምህርት ነው።

ራጅ ለብዙ ዘመን ጥላ ብቻ ነበር። በገላ ውስጥ ፊትና ኋላ ያለው ነገር ሁሉ በአንድ ሰሌዳ ላይ ተደራርቦ ይታያል፤ አጥንቱ ይጎላል፤ ለስላሳው የሰውነት ክፍል ይደበዝዛል። በ1950 ዓ.ም. በስኮትላንድ አገር ኢያን ዶናልድና ጓደኞቹ በጆሮ በማይሰማ ድምፅ ማሕፀንን መመርመር እንደሚቻል አሳተሙ፤ ዛሬ ነፍሰ ጡር እናቶቻችን የሚያውቁት አልትራሳውንድ የመጣው በዚህ መንገድ ነው። በ1965 ዓ.ም. ደግሞ አሜሪካዊው ፖል ላውተርቡር በማግኔት ኀይል ሥዕል የሚወጣበትን ዘዴ አስታወቀ፤ እርሱም ኤም አር አይ የተባለው ነው።

ከሁሉ ይልቅ ነገሩን የለወጠው ግን ሲቲ ስካን ነው። ትውልዱ በጆሃንስበርግ የሆነ አለን ኮርማክ የተባለ የፊዚክስ ሊቅ በኬፕታውን ሆስፒታል ሲሠራ፣ ጨረር ከብዙ አቅጣጫ ቢላክ የገላ ውስጥ ይዘት በሒሳብ ሊገኝ ይችላል የሚል ሐሳብ ጀመረ። በእንግሊዝ አገር ደግሞ የሸክላ ዘፈን በማሳተም በሚታወቀው ኢ ኤም አይ በተባለ ኩባንያ መሐንዲስ የነበረው ጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ መሣሪያውን ሠራው። የመጀመሪያው ሙከራው አንድ ሥዕል ለማንሣት 9 ቀን ፈጅቶበት ነበር። መስከረም 20 ቀን 1964 ዓ.ም. በለንደን አካባቢ በሚገኝ ሆስፒታል የመጀመሪያዋ ሕመምተኛ ጭንቅላቷን በዚህ መሣሪያ ተመረመረች። ሁለቱ ሰዎች በ1972 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማትን ተካፈሉ።

ሃውንስፊልድ ያመጣው ለውጥ ገላን እንደ ዳቦ በስሱ ቈርጦ ማሳየቱ ብቻ አይደለም። ሥዕሉ ራሱ ወደ ቁጥር ተለወጠ። ኮምፒዩተሩ እያንዳንዷን ነጥብ በቁጥር ይመዘግባል፤ ያንን ቁጥር በሰሌዳ ላይ በብርሃንና በጥላ ያሳያል። ሥዕል ቁጥር ከሆነ ደግሞ ሊደመር፣ ሊነጻጸር፣ በስልክ ሽቦ ወደ ሩቅ አገር ሊላክ ይችላል። ከዚህ በኋላ የቀረው፣ ኮምፒዩተሩ ሥዕሉን ከማውጣት አልፎ ያነብብ ዘንድ ማስተማር ነበር።

ማንበብ ግን ከማየት የተለየ ነገር ነው። ለዚህ ምስክር የምትሆነን የራሳችን ድንቅነሽ ናት። በኅዳር ወር 1967 ዓ.ም. በአፋር በሐዳር የተገኘችው፣ 3 ነጥብ 2 ሚሊዮን ዓመት ያህል ዕድሜ ያላት ይህች ቅሪት ለትርኢት ወደ አሜሪካ በሄደችበት ጊዜ በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ አጥንቷ ለ10 ቀን በሲቲ ስካን ተመረመረ፤ ከ35,000 የሚበልጥ ሥዕልም ተነሣ። በነሐሴ 2008 ዓ.ም. ፕሮፌሰር ጆን ካፐልማንና ባልደረቦቹ፣ የትከሻዋና የሌላው አጥንቷ ስብራት ከረጅም ዛፍ ወድቃ መሞቷን ያመለክታል ብለው ጻፉ። ካገኟት ሰዎች አንዱ የሆነው ዶናልድ ጆሃንሰንና ሌላው ሊቅ ቲም ዋይት ግን ይህን አልተቀበሉም፤ እንዲህ ያለ ስንጥቅ በመሬት ውስጥ ለብዙ ዘመን በተቀበረ በሌላም አጥንት ላይ ይገኛል ሲሉ ተቃወሙ። ሥዕሉ አንድ ነው፤ የነጠረና የጠራ ነው፤ ሊቃውንቱ ግን በንባቡ ተለያዩ። ከሦስት ሚሊዮን ዓመት በፊት በሞተ ፍጡር ላይ ንባብ ቢለያይ ክርክሩ የመጽሐፍ ክርክር ነው። በሕይወት ባለ ሰው ሳንባ ላይ ንባብ ሲሳሳት ግን የሚከፈለው ዋጋ ሕይወት ነው።

እንግዲህ ኮምፒዩተር ማንበብን የሚማረው እንዴት ነው? ነገሩን በየቄስ ትምህርት ቤት ሥርዓት ብንመስለው በቀላሉ ይገባናል። ሕፃኑ ፊደልን የሚያውቀው መምህሩ እያንዳንዱን ፊደል እየጠቆመ ሺህ ጊዜ ስለሚያስጠራው ነው። ኮምፒዩተሩም እንዲሁ፣ ይህ ጤነኛ ሳንባ ነው፣ ይህ የነቀርሳ ሳንባ ነው እየተባለ ብዙ ሺህ ሥዕል ይቀርብለታል። በተሳሳተ ቁጥር የውስጥ ሒሳቡን በጥቂቱ ያስተካክላል። በመጨረሻም ከዚህ ቀደም አይቶት የማያውቀው ሥዕል ሲቀርብለት ድምዳሜውን ይሰጣል። እንደ ሰው ማስተዋል የለውም፤ ግን አይደክምም።

የተገኘው ጥቅም በእውነት ከፍ ያለ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በ2013 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፣ ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች ለሳንባ ነቀርሳ ሲመረመሩ የደረታቸውን ራጅ በኮምፒዩተር ማስነበብ ይቻላል ሲል ፈቀደ። የነቀርሳ ሸክም ከከበደባቸው የዓለም 30 አገሮች አንዷ ለሆነችው ለኢትዮጵያ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በስዊድን አገር ከ80,000 በላይ ሴቶች በተካፈሉበት የጡት ነቀርሳ ምርመራ፣ ኮምፒዩተር የረዳቸው ሐኪሞች የንባብ ሥራቸው በ44 በመቶ ያህል እንደ ቀነሰ፣ የተገኘውም በሽታ እንዳላነሰ በ2015 ዓ.ም. ታውቋል። በዛምቢያና በአሜሪካ የተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ ብዙ ሥልጠና የሌለው ሰው መሣሪያውን በነፍሰ ጡሯ ሆድ ላይ ቢያሳልፈውም ኮምፒዩተሩ የፅንሱን ዕድሜ በጥሩ ሁኔታ መገመት እንደሚችል በ2014 ዓ.ም. አሳይቷል። በየጤና ጣቢያው አዋላጅ ነርሶች አልትራሳውንድ እንዲያነሡ በመሠልጠን ላይ ላሉባት አገራችን ይህ የተስፋ ወሬ ነው። ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ባለበት አገር የራጅ ሥዕል የሚያነብ ልዩ ሐኪም ጥቂት ነውና፣ ረዳት ቢመጣ እሰይ ከማለት በቀር ምን ይባላል?

ነገር ግን በየቄስ ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ያስታውሳል። ሕፃኑ ሀ ሁ ሂን በተርታ ሲያነበንብ የሚሰማው ወላጅ ልጄ ፊደል ለየ ብሎ ይደሰታል። ልጁ ግን የፊደሉን መልክ ሳያውቅ ዜማውን ብቻ ሸምድዶ ሊሆን ይችላል። መምህሩ ይህን ስለሚያውቅ አቡጊዳን ያስከትላል፤ ተርታው ሲዘበራረቅ የለየውና ያልለየው ይታወቃል።

በኮምፒዩተሩም ላይ የደረሰው ይኸው ነው። በ2011 ዓ.ም. በአሜሪካ የታተመ ጥናት፣ የሳንባ ምችን ከራጅ እንዲያነብ የተማረ ኮምፒዩተር በተማረበት ሆስፒታል ሥዕል ላይ ጎበዝ ሆኖ ሳለ፣ የሌላ ሆስፒታል ሥዕል ሲቀርብለት ችሎታው እንደ ቀነሰ ገለጠ። ምክንያቱ ሲመረመር ኮምፒዩተሩ የትኛው ሥዕል ከየትኛው ሆስፒታል እንደ መጣ ይለይ ነበር። የራጅ ባለሙያው በሥዕሉ ጠርዝ ላይ የሚያኖራት ትንሽ የብረት ምልክት እንኳ ትመራው ነበር። ሕመምተኛ የሚበዛበትን ሆስፒታል ካወቀ፣ ሳንባውን በቅጡ ሳያይ ሕመምተኛ ነው ለማለት ይቀለዋል። ዜማውን ሸመደደ እንጂ ፊደሉን አልለየም ማለት ነው።

የታወቁ ሊቃውንትም ቢሆኑ በዚህ ነገር ቸኩለዋል። የዚህ ጥበብ አባት ከሚባሉት አንዱ የሆነው ጄፍሪ ሂንተን በ2009 ዓ.ም. በቶሮንቶ ከተማ፣ በአምስት ዓመት ውስጥ ኮምፒዩተር ስለሚበልጣቸው ራጅ አንባቢ ሐኪሞችን ማሠልጠን ከዛሬ ጀምሮ ይቁም ብሎ ነበር። ሂንተን በ2017 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት የተሰጠው ታላቅ ሰው ነው። አምስቱ ዓመት ግን አለፈ፤ ሐኪሞቹም ዛሬ ይፈለጋሉ። የአገራችን ምሳሌ ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚለው ለማሽንም ይሠራል።

ቀድሞ በልብዎ ይያዙት ወዳልነው ነገር አሁን እንመለስ። ኮምፒዩተር የሚያውቀው ያሳዩትን ብቻ ከሆነ፣ የማንን ገላ አሳይተውታል? ይህን ጥያቄ ለዓለም አጉልተው ካቀረቡት ሰዎች አንዷ በአዲስ አበባ የተወለደችው ትምኒት ገብሩ ናት። ከጆይ ቡኦላምዊኒ ጋር በ2010 ዓ.ም. ባሳተመችው ጥናት፣ የሰውን ፊት አይተው ወንድና ሴት እንዲለዩ የተሠሩ የታላላቅ ኩባንያዎች መሣሪያዎች በነጭ ወንዶች ላይ ስሕተታቸው ከ1 በመቶ በታች ሲሆን፣ በጥቁር ሴቶች ላይ ግን እስከ 34 ነጥብ 7 በመቶ እንደሚደርስ አሳየች። ያ ጥናት የፊት እንጂ የራጅ አልነበረም። ሆኖም በ2014 ዓ.ም. ኬንያዊቷ ሐኪም ጁዲ ጊቾያና ባልደረቦቿ፣ ሐኪም አይቶ ሊለየው የማይችለውን የታካሚ ዘር ኮምፒዩተር ከራጅ ሥዕል ላይ እንደሚለይ አረጋገጡ። እንዴት እንደሚለየው ግልጽ አልሆነም። ሳናውቀው የሚያየውን ነገር ሳናውቀው ለፍርዱ ሊጠቀምበት ስለሚችል ጉዳዩ ሥጋት አለበት።

ስለዚህ ከሩቅ አገር ሰዎች ሥዕል ብቻ የተማረ መሣሪያ ገዝተን በጤና ጣቢያችን ብናቆም፣ በሕዝባችን ላይ የሚሰጠው ንባብ ትክክል ስለ መሆኑ በራሳችን ሥዕል መፈተን አለብን። አቡጊዳውን የምናስነብበው እኛ ነን። ለመፈተን ግን የተቀመጠ ሥዕል ያስፈልጋል። እርስዎ የመንግሥት ሠራተኛ ነዎትና ነገሩ ወደ ማን ቤት እንደ መጣ ከዚህ ይረዱታል። በአገራችን በብዙ ስፍራ ራጅ የተነሣ ሰው ፊልሙን በፖስታ ተቀብሎ ወደ ቤቱ ይወስዳል፤ ከቁም ሣጥን ላይ ወይም ከፍራሽ ሥር ያኖረዋል። ሐኪሙ ምን እንዳነበበ በሌላ ወረቀት ይጻፋል፤ ታካሚው በኋላ ምን እንደ ሆነ ደግሞ በሌላ መዝገብ ይገኛል ወይም አይገኝም። ሥዕሉ፣ ንባቡና ፍጻሜው ካልተገናኙ ለኮምፒዩተር ትምህርት አይሆኑም፤ ለሐኪምም ምስክር አይሆኑም። በካርድ ክፍል ውስጥ ስምንና ዕድሜን አስተካክሎ የሚጽፍ፣ ካርድን በቦታው የሚመልስ ሠራተኛ ሥራው ዝቅተኛ መስሎት ከሆነ ተሳስቷል። የዚህ ታላቅ ጥበብ መሠረት የሚጣለው በእርሱ ጠረጴዛ ላይ ነው።

መንግሥት በዚህ ረገድ መንገድ መጥረግ ጀምሯል። በ2012 ዓ.ም. የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ማዕከል ተቋቁሞ ኋላ ወደ ኢንስቲትዩት ከፍ ብሏል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰው የግል መረጃ ያለ አግባብ እንዳይወሰድ ይከለክላል። የታካሚ ምስጢር የታካሚው ነውና፣ ለትምህርት ተብሎ የሚሰበሰብ ሥዕል ስም ሳይታወቅ፣ በሕግና በፈቃድ መሆን ይገባዋል። አዋጁ በወረቀት ላይ የተጻፈ ነው፤ በሥራ ላይ የሚያውለው ግን በየመሥሪያ ቤቱ ያለው ሠራተኛ ነው።

መሣሪያ ለመግዛት ሰነድ ሲቀርብልዎም የሚጠይቁት አይጥፋብዎ። በእነማን ላይ ተፈትኗል? በእኛ አገር ሕመምተኞች ላይ ውጤቱ ተመርምሯል? መብራት ሲጠፋና መለዋወጫ ሲያስፈልግ ማን ይጠግነዋል? ሲሳሳትስ የሚጠየቀው ማን ነው? በመሥሪያ ቤታችን ሥርዓት ደብዳቤውን ጸሓፊው ያረቅቃል፤ ኀላፊው አንብቦ ይፈርማል፤ ማኅተም ያርፍበታል። ረቂቁ ቢያምርም ተጠያቂው የፈረመው ነው። ኮምፒዩተሩም ቢበዛ ፈጣን ረቂቅ አቅራቢ ነው። ፊርማው የሐኪሙ ነው፤ የሐኪሙም መሆን አለበት። ያለ ንባብ የሚፈርም ኀላፊ እንደማይወደስ ሁሉ፣ ማሽን አለኝ ብሎ ሥዕሉን የማያይ ሐኪምም አይወደስም።

ክቡራን አንባብያን፤ በ1888 ዓ.ም. የእኛ ቁስለኛ ራጅ ሳይነሣ መቅረቱ የእኛ ጥፋት አልነበረም፤ ጥበቡ ገና የወራት ዕድሜ ነበረውና። ዛሬ ግን መሣሪያው በየመንገዳችን ዳር ቆሟል። የልጆቻችን ሳንባና የእናቶቻችን ጡት በየቀኑ በሥዕል ይነሣል። ያ ሥዕል በፍራሽ ሥር እየጠፋ ሌሎች በሌሎች ገላ ባስተማሩት ማሽን እንነበብ ዘንድ ብንተወው፣ ምክንያታችንን የሚቀበል የወደፊት ትውልድ አይኖርም። ስለዚህ ሐኪሙ ሥዕሉን በጥንቃቄ ያንብብ፤ የመዝገብ ሠራተኛው በሥርዓት ያኑረው፤ ኀላፊው ምስጢሩን ይጠብቅ፤ ሊቃውንቱም በእርሱ ማሽኑን ይፈትኑ። እርስዎም ነገ ጠዋት በመዝገብ ቤትዎ በር ሲገቡ፣ በእጅዎ ያለው ፋይል የሰው ሕይወት የሚነበብበት መሆኑን ያስቡ።